ጅማ ላይ ዲሽ ሲተከል፦ የትኛው ሳተላይት፣ የትኛው ሞገድ፣ ምን ያህል ስፋት?

ጅማ ውስጥ ዲሽ ለማስተከል የተነሣ ሰው ክርክሩን የሚጀምረው ከጣቢያዎቹ ነው፤ የትኛው ሳተላይት ላይ ምን ይታያል እያለ። ጣቢያው ግን የምርጫው ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ከግቢዎ ወደ ሰማይ ያለው ክፍተትና የክረምቱ ዝናብ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ዓይነት ሪሲቨርና አንድ ዓይነት ዲሽ ገዝተው፣ የአንዱ ሐምሌን ሙሉ ሲሠራ የሌላው ደመና በጠቆረ ቁጥር የሚጠፋበት ምክንያት ከሞላ ጎደል እዚህ ውስጥ አለ። ስለዚህ ከገበያው በፊት ሰማዩን እንይ።

ማየት እና መሸፈን አንድ አይደሉም

የቴሌቪዥን ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ፣ በሰከንድ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ እየከነፉ ይዞራሉ። አንድ ዙር የሚጨርሱት በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ነው፤ ምድርም በራሷ ዛቢያ አንዴ የምትዞረው በዚያው ጊዜ ነው። እኩል ስለሚዞሩ ከታች ለሚያይ ሰው አንድ ቦታ ቆመው የቀሩ ይመስላሉ። ዲሽዎ አንዴ ተስተካክሎ ለዓመታት ሳይነካ የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ ምህዋር ላይ የመጀመሪያው ሲንኮም 3 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1964 የቶኪዮን ኦሊምፒክ ከጃፓን ወደ አሜሪካ አስተላልፏል።

ከዚያ ከፍታ አንድ ሳተላይት የምድርን ገጽ 40 በመቶ ገደማ ያያል። ሦስት ሳተላይቶች በ120 ዲግሪ ተራርቀው ቢቀመጡ ከዋልታዎቹ አካባቢ በስተቀር ምድርን ሁሉ ያዳርሳሉ። ይህ ግን ስለ ማየት ነው። ሳተላይቱ ጉልበቱን በሚያየው ሁሉ ላይ እኩል አይበትንም፤ አንቴናው ጨረሩን ቅርጽ ሰጥቶ ደንበኞቹ ወዳሉበት አካባቢ ይሰበስበዋል። የእጅ ባትሪ ብርሃን ግድግዳ ላይ ሲያርፍ መሐሉ ደምቆ ዳሩ እንደሚደበዝዝ ያስቡት። ከጅማ ሰማይ ላይ ጥሩ ከፍታ ያለው ሳተላይት እንኳ ጨረሩ ወደ ሌላ አገር ከተሰበሰበ ምንም አይሰጥዎትም። ስለዚህ ሁለት ጥያቄ አለ፦ ሳተላይቱ ከእኔ ግቢ ይታያል ወይ? ጨረሩስ እዚህ ይደርሳል ወይ?

ከጅማ ሲታይ የትኛው የት ነው?

ጅማ በሰሜን ኬክሮስ 7.7፣ በምሥራቅ ኬንትሮስ 36.8 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ብዙዎቹ ሳተላይቶች ከራሳችን በላይ ከፍ ብለው ነው የሚታዩት። በዚህ ረገድ የታደለ ቦታ ላይ ነን። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለከተማው የተሰሉ ናቸው፤ ለአጋሮ፣ ለሰቃ ወይም ለሊሙ ገነት ልዩነቱ ከሁለት ዲግሪ አይበልጥም። አቅጣጫው ከሰሜን ተነስቶ በምሥራቅ በኩል የተቆጠረ ነው።

ኤንኤስኤስ 12፣ 57 ዲግሪ ምሥራቅ (የኢትዮሳት ጣቢያዎች ያሉበት)፦ አቅጣጫ 110፣ ከአድማስ በላይ 65 ዲግሪ።
ያህሳት፣ 52.5 ዲግሪ ምሥራቅ፦ አቅጣጫ 115፣ ከፍታ 70።
ዩቴልሳት፣ 36 ዲግሪ ምሥራቅ (ዲኤስቲቪ)፦ አቅጣጫ 186፣ ከፍታ 81።
ዓረብ ሳት ባድር፣ 26 ዲግሪ ምሥራቅ፦ አቅጣጫ 235፣ ከፍታ 74።
ናይል ሳት፣ 7 ዲግሪ ምዕራብ፦ አቅጣጫ 262፣ ከፍታ 39።

አንድ ነገር በመንገድ ላይ እናጥራ። ኢትዮሳት የሳተላይት ስም አይደለም፤ ኤስኢኤስ የተባለው የሉክሰምበርግ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባመጠቀው ኤንኤስኤስ 12 ላይ የተሰባሰቡ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች መጠሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 የመጠቀችው የአገራችን ሳተላይት ደግሞ ምድርን ፎቶ ለማንሣት የተሠራች፣ ምህዋሯም ከ700 ኪሎ ሜትር በታች የሆነ ናት። ቴሌቪዥን አታስተላልፍም፤ በዲሽም አትፈለግም።

አሁን ወደ ዛፉ እንምጣ። የጅማ ግቢ ያለ ዋንዛ፣ ያለ ግራቪሊያ፣ ያለ አቮካዶ አይሆንም፤ እርጥብ ቅጠል ደግሞ ይህን ሞገድ ከግንብ ባልተናነሰ ይዘጋዋል። ከዲሹ በላይ 15 ሜትር የሚረዝም ዛፍ በናይል ሳት አቅጣጫ ካለ ከ19 ሜትር በላይ መራቅ አለበት። ያው ዛፍ በ57 ዲግሪው አቅጣጫ ቢሆን 7 ሜትር ይበቃዋል፤ በ36 ዲግሪው ደግሞ 2 ሜትር ተኩል። የጅሬን ኮረብታ ሳተላይት ጋረደ ሲባል ብትሰሙ አትቀበሉት፤ ከተማው ውስጥ ሆኖ 39 ዲግሪ የሚደርስ ኮረብታ የለም። የሚጋርደው የጎረቤት ፎቅና ዛፍ ነው።

ፀሐይ ራሷ ክፍተቱን የምትለካበት ቀን አለ። በመስከረም 16 (በደመራ ዕለት) እና በመጋቢት 8 አካባቢ ፀሐይ በትክክል በሳተላይቶቹ መንገድ ላይ ታልፋለች። በመስከረሙ ከረፋዱ 4 ሰዓት ከ50 ገደማ ፀሐይ ያለችበት ቦታ 57 ዲግሪው ሳተላይት ያለበት ነው፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ45 ገደማ ደግሞ ናይል ሳት። በመጋቢቱ ለሁለቱም 17 ደቂቃ ያህል ይጨምሩ። በዚያ ሰዓት ዲሹ ሊተከል የታሰበበት ቦታ ላይ የቅርንጫፍ ጥላ ካረፈ ያ ቅርንጫፍ ሲግናሉንም ይጋርዳል። በእነዚያው ቀናት፣ ከፊትና ከኋላ ሦስት ሦስት ቀን ያህል፣ ሥዕሉ እስከ 10 ደቂቃ ሊቋረጥ ይችላል፤ የፀሐይ ጩኸት ሳተላይቱን ስለሚውጠው ነው። በዚያ ሰዓት ዲሽ አይነቀንቁ፤ ራሱ ይመለሳል።

ታዲያ የትኛውን?

የአገር ውስጥ ጣቢያ ለሚፈልግ ቤት ምርጫው አያከራክርም፤ 57 ዲግሪው ነው። ያለ ወርኃዊ ክፍያ ይታያል፣ ጨረሩ ወደኛ አካባቢ የተሰበሰበ ነው፣ ከፍታውም 65 ዲግሪ ስለሆነ ከዛፍ ያመልጣል።

ናይል ሳት ከባድ የሚሆነው በሁለት በኩል ነው። የጨረሩ መሐል ሰሜን አፍሪካና መካከለኛው ምሥራቅ ስለሆነ ወደ ጅማ የሚደርሰው የዳሩ ሲግናል ነው፤ ዝቅ ብሎ ስለሚታይም በዝናቡ ውስጥ ረጅም መንገድ ያቋርጣል። የዝናቡ ንብርብር ከባሕር ወለል በላይ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ድረስ ይወጣል፤ ጅማ 1,750 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ስለዚህ የ57 ዲግሪው ሲግናል በዝናብ ውስጥ የሚጓዘው 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ሲሆን የናይል ሳቱ ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በ57 ዲግሪ 60 ሴንቲ ሜትር ዲሽ ሰማይ ሲጠራ ይሠራል፤ ለናይል ሳት ግን ከ90 በታች አይሞክሩ፣ 120 ካገኙ ይግዙ።

የዓረብኛ ጣቢያ፣ በተለይ የመካውን ስርጭት የሚሻ፣ ምዕራቡ በዛፍ ወይም በፎቅ የተዘጋበት ቤት 26 ዲግሪውን ይሞክር። 74 ዲግሪ ላይ ስላለ ከፎቆቹ በላይ ነው። የዚያም ጨረር መሐሉ ዓረብ አገርና ሰሜን አፍሪካ ስለሆነ ዲሹ ትልቅ መሆኑ አይቀርም። 36 ዲግሪው የክፍያ ነው፤ ለዚህ ከተማ ግን እንደሱ የሚመች ቦታ ላይ ያለ ሳተላይት የለም።

ሁለት ሳተላይት በአንድ ዲሽ ማየት ይቻላል፤ ቅርብ ለቅርብ ሲሆኑ ብቻ። 57 እና 52.5 ከጅማ ሲታዩ 5 ዲግሪ ያህል ስለሚራራቁ በ90 ሴንቲ ዲሽ ላይ ሁለት ኤል ኤን ቢ (ከዲሹ ፊት የሚገጠመው ሲግናል ተቀባይ) ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ አፎቹ ግን ተጠጋግተው ስለሚገጥሙ ቀጭን አንገት ያላቸውን ይምረጡ። ዋናውን መሐል ላይ፣ ተጨማሪውን ጎን ላይ። 57 እና ናይል ሳትን በአንድ ዲሽ እገጥማለሁ የሚል ባለሙያ ከመጣ ግን ያሰናብቱት፤ አንዱ በምሥራቅ፣ አንዱ በምዕራብ ነው። ሁለት ዲሽ ተክሎ በማቀያየሪያ ወደ አንድ ሪሲቨር ማስገባት ነው መንገዱ።

ሲ ባንድ ወይስ ኬዩ ባንድ?

ሳተላይቶች ከሚያስተላልፉባቸው የሞገድ ክልሎች አንዱ የሆነው ኬዩ ባንድ 11 እና 12 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው፤ የሞገዱ ርዝመት 2 ሴንቲ ተኩል ያህል። ሲ ባንድ 4 ጊጋኸርዝ አካባቢ፣ 7 ሴንቲ ተኩል። የዝናብ ጠብታ ከኬዩ ባንድ ሞገድ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ስለሆነ ጉልበቱን ይውጣል፣ ይበትናልም። ነጎድጓድ ያለበት ከባድ ዝናብ የኬዩ ባንድን ሲግናል እስከ አንድ አሥረኛው ሊያወርደው ይችላል፤ ሲ ባንድን ግን ብዙም አይነካውም። ታዲያ ሁሉም ሲ ባንድ የማይጠቀመው ለምንድን ነው? ዲሹ ቢያንስ 1.8፣ ብዙ ጊዜም 2.4 ሜትር መሆን ስላለበት ነው። ይህን የሚሸከም ምሰሶና የኮንክሪት መሠረት ያስፈልጋል፤ ለነፋስም ሰፊ ሸራ ነው። ለመኖሪያ ቤት ኬዩ ይበቃል። አገልግሎቱ በዝናብ ምክንያት መቋረጥ ለሌለበት ተቋም ነው ሲ ባንድ ዋጋውን የሚመልሰው።

የኬዩ ባንድን የክረምት ጉዳት ዲሹን በማስፋት መቀነስ ይቻላል። ከ60 ወደ 90 ሴንቲ ሲያልፉ የሚሰበሰበው ሲግናል 2.25 እጥፍ ይሆናል። ይህ ጭማሪ ሰማይ በጠራበት ቀን ምንም ለውጥ አያሳይዎትም፤ ዲጂታል ሥዕል ከበቂ በላይ ሲሆን አይደምቅም። በሐምሌ ግን ሥዕሉ ተቆራርጦ በሚጠፋበትና በሚቀጥልበት መካከል ያለው ልዩነት እሱ ነው። ዲሹን በኅዳር አስተክሎ «በ60 ሴንቲ ይሠራል» ማለት ስለዚህ አያዋጣም። ለጅማ ለ57 ዲግሪውም ቢሆን ምክራችን 90 ነው።

ከፍ ብሎ ማየት የሚያመጣው ጣጣ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሥራ የሚበላሸው። የተለመደው ሞላላ ዲሽ ሳተላይቱን ፊት ለፊት አያይም፤ ከሚመስለው በ24 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ ነው የሚያየው። ስለዚህ ለ57 ዲግሪው የዲሹ ፊት ወደ ላይ የሚጋደመው 41 ዲግሪ ያህል፣ ለናይል ሳት 15 ዲግሪ ብቻ ነው። ለናይል ሳት የተተከለ ዲሽ ቆሞ ሲታይ «ሰማይ ሳያይ እንዴት ይሠራል» ብለው አይጨነቁ። በዚያ አቀማመጥ ግን የኤል ኤን ቢው አፍ ትንሽ ወደ ላይ ስለሚያይ፣ የፕላስቲክ ክዳኑ በፀሐይ ከተሰነጠቀ ውኃ ይገባበታል። በየዓመቱ ግንቦት ላይ ያዩት። ለ57 እና ለ36 ዲግሪ አፉ ወደ ታች ስለሚያይ ይህ ስጋት የለም።

ለ36 ዲግሪው ሌላ ችግር ይመጣል። የብዙ ዲሾች ማሰሪያ ከ65 ወይም 70 ዲግሪ በላይ አይወጣም፤ እኛ የምንፈልገው 81 ነው። ማሰሪያውን በመዶሻ ከማጣመም ይልቅ ምሰሶውን ራሱን ከሳተላይቱ ተቃራኒ፣ ማለትም ወደ ሰሜን፣ 15 ወይም 20 ዲግሪ አዘንብሎ መትከል ይሻላል። ከዚያ በኋላ ማሰሪያው ላይ ያለው ቁጥር አይታመንም። ክብ ጎድጓዳውን ዲሽ ከተጠቀሙ ደግሞ ከ60 ዲግሪ በላይ ሲያይ ውኃ እንደ ሣህን ያቁራል፤ በታችኛው በኩል 8 ሚሊ ሜትር የሚሆኑ ሁለት ቀዳዳዎች ይብሱለት፤ ሲግናሉን አይጎዱም።

የኤል ኤን ቢ መዞር ከሁሉም በላይ የሚዘነጋው ነው። በአውሮፓ የተዘጋጁ መመሪያዎች ጥቂት ዲግሪ አዙሩ ይላሉ። እዚህ፣ ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነው ቦታችን፣ ለ57 ዲግሪው የሚያስፈልገው መዞር 69 ዲግሪ ያህል፣ ለናይል ሳት 79፣ ለ26 ዲግሪው 54 ነው፤ ለ36 ዲግሪው ግን 6 ብቻ። ማለትም ለ57 ኤል ኤን ቢው ወደ ጎን ሊተኛ ምንም አይቀረውም። ቀጥ አድርገው ከተዉት ሳተላይቱ ለየብቻ የሚልካቸው አግድሙና ቋሚው ሞገድ ይምታታሉ፤ ጣቢያው ሲፈለግ ወይ አይገኝም፣ ወይ በተሳሳተው ምድብ ውስጥ ደክሞ ይገኛል። ዲሹ ከተገኘ በኋላ ኤል ኤን ቢውን በ5 ዲግሪ በ5 ዲግሪ እያዞሩ ሪሲቨሩ የሚያሳየው ኳሊቲ (የሲግናሉ ጥራት) የሚበልጥበት ላይ ያጥብቁት።

አተካከሉ

ምሰሶው በውኃ ልክ ተፈትሾ ቀጥ ይበል (ለ36 ዲግሪው ካልሆነ በቀር)፤ ያልተስተካከለ ምሰሶ ላይ አቅጣጫ ባዞሩ ቁጥር ከፍታው አብሮ ይቀየራል። መጀመሪያ ከፍታውን በቁጥሩ ይሙሉ፣ ኤል ኤን ቢውን ያዙሩ፣ ሪሲቨሩ ላይ የኤል ኤን ቢውን ዓይነት ዩኒቨርሳል፣ 9750 እና 10600 ያድርጉ። ከዚያ ከሚፈለገው አቅጣጫ 15 ዲግሪ ወደ ግራ ጀምረው ቀስ ብለው ወደ ቀኝ ይሂዱ። ሪሲቨሩ ለማወቅ ሁለት ሦስት ሰከንድ ስለሚፈጅበት በእያንዳንዱ ዲግሪ ቆም ይበሉ፤ ዲሹን እንደ በር ወዲያ ወዲህ የሚወዘውዝ ሰው ሳተላይቱን አሥር ጊዜ ያልፈዋል። ስትሬንግዝ የሚለውን መስመር አይመኑ፤ ኤል ኤን ቢውና ኬብሉ መገናኘታቸውን ብቻ ነው የሚያሳየው። የሚታመነው ኳሊቲ ነው።

ብሎኖቹን በየተራ፣ ሩብ ሩብ ዙር ያጥብቁ። የ90 ሴንቲ ዲሽ ጠርዝ 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢንቀሳቀስ ዲሹ አንድ ዲግሪ ዞሯል፤ አንድ ዲግሪ ደግሞ የሲግናሉን ግማሽ ይወስዳል፤ ሳተላይቱ ጋ ሲደርስ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ መሳት ነው። ጦጣ ዘልሎ የሚያርፍበት ጣሪያ ላይ ከሆነ ምሰሶውን በሁለት አጋዥ ብረት ይደግፉት።

ኬብሉ አርጂ 6 ይሁን፤ ከ30 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ከኤል ኤን ቢው ሲወርድ ዝቅ ብሎ እንዲንጠለጠል ይተዉት፣ ውኃው ከዚያ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ኮኔክተሩ አይሄድም። ኮኔክተሩን በብስክሌት ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ከታች ወደ ላይ ጠበቅ አድርገው ይጠቅልሉ። ክረምት ገብቶ አንዳንድ ጣቢያዎች ብቻ ሲጠፉ፣ ሌሎቹ ሲቀሩ፣ በአብዛኛው እርጥበት የገባበት ኮኔክተር ነው፤ ኤል ኤን ቢው ከቋሚ ወደ አግድም ሞገድ የሚቀየረው ከ13 ወደ 18 ቮልት ሲያገኝ ነው፣ ዝጎ የተበላ ኮኔክተር ደግሞ ቮልቱን ያወርደዋል። ሲነጎድ ኬብሉን ከሪሲቨሩ ይንቀሉ። ምሰሶውንም በመዳብ ሽቦ ከመሬት ያገናኙ።

ለኢንተርኔት ከሆነ

ከተማው ውስጥ 4ጂ ካለዎት ከላይ ባየነው የ35,786 ኪሎ ሜትር ምህዋር ላይ ያለ ሳተላይት ኢንተርኔት አይግዙ። ሲግናሉ ወደ ላይ ወጥቶ እስኪወርድ ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ ጥያቄና መልሱ ሲደመር ግማሽ ሰከንድ፣ በሥራ ላይ ሲውል 600 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ። ይህን መዘግየት ምንም ዓይነት መሣሪያ አይቀንሰውም፤ የርቀት ጉዳይ ነው። ሒሳብ ለመላክ፣ ለኢሜይል፣ ለባንክ ሥራ አያስቸግርም፤ በስልክ ንግግር ላይ ግን አንዴ ሁለቱ ሰዎች በአንድ ላይ መናገር ይጀምራሉ፣ አንዴ ሁለቱም ዝም ይላሉ።

ኔትወርክ በማይደርስበት ጫካ ውስጥ ላለ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ግን ቪሳት (በትንሽ ዲሽ የሚልክና የሚቀበል የሳተላይት ኢንተርኔት) ዋጋ አለው። 1.2 ሜትር ዲሽ፣ ማስተላለፊያና ሞደም፣ ለሁሉም 50 ዋት ገደማ ኃይል፤ በፀሐይ ኃይልና በባትሪ ይሠራል። ቪሳት ስለሚልክም አተካከሉ እንደ ቴሌቪዥን ዲሽ በግምት አይሆንም፤ ትንሽ ከሳተ የጎረቤት ሳተላይትን ይረብሻል፣ አገልግሎት ሰጪውም ይዘጋዋል። ዝቅተኛ ምህዋር ላይ፣ 550 ኪሎ ሜትር አካባቢ የሚበሩት ሳተላይቶች መዘግየቱን ወደ 50 ሚሊ ሰከንድና ከዚያ በታች ያወርዱታል፤ ሳተላይቶቹ ግን ስለሚሮጡ ከአናትዎ ዙሪያ ሰፊ ክፍት ሰማይ ይሻሉ። በቡና ጥላ ዛፍ ሥር ለተሠራ ቤት አንዲት ቀዳዳ የምትበቃው ቆሞ የሚታየው ሳተላይት ያኔ ይበልጣል። የሚያስተላልፍ መሣሪያ፣ የሳተላይት ስልክም ቢሆን፣ ፈቃድ ይፈልጋል፤ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ይጠይቁ። የሚቀበል ብቻ የሆነው የቴሌቪዥን ዲሽ በዚህ ውስጥ አይገባም።